አንዴ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

ገመድ ላይ ልንጠለጠል ነው። ተሳስቼ ያነበብኩ መስሎኝ ኢሜይሉን ደጋግሜ አየሁት። አልተሳሳትኩም። ቢዝነስ ለመማር የተመዘገብነውን አዲስ ተማሪዎች ሁሉ ኮሌጁ ነገ ጠዋት በአውቶቡስ ጭኖ ተራራ ይወስደናል፤ እሁድ ይመልሰናል። ግድግዳ እንወጣለን። ታንኳ እንቀዝፋለን። ዓይናችንን ጨፍነን ወደ ኋላ እንወድቅና ሌሎቹ ይቀልቡናል።

እኔ የተመዘገብኩት የዋጋ አተማመን ልማር ነው። የሂሳብ አያያዝ ልማር ነው። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። የሚቀልበኝ ሰው ብፈልግ ኖሮ ሁለተኛ ባል አገባ ነበር።

አምጡ የተባለው፦
የተራራ ጫማ (የለኝም)
ስሊፒንግ ባግ የሚሉት የመኝታ ከረጢት (ልጄ ቤዛ ከሥራ ጓደኛዋ ተውሳልኛለች፣ የሰው ላብ ይሸታል)
ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ (ማዕድን ቆፋሪ ነኝ?)
«ክፍት አእምሮ»። ይህንንም ከባትሪው ቀጥለው ጽፈውታል።

ቤዛን «ይሄ ከንግድ ጋር ምን አገናኘው?» አልኳት። «ቲም ቢልዲንግ ነው እማዬ፣ ሁሉም ጋ አለ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ። እሷን መሥሪያ ቤቷ ቦውሊንግ ነው የወሰዳት። ቦውሊንግ ቢሆን መቼ ጠላሁ።

ኦግደን ሰፈር ላውንደሪ ጓዳ ተቀምጬ ሱሪ ሳሳጥርና ዚፕ ስቀይር ብዙ ዓመት ኖርኩ። ባለቤቱ ሸጦት ሄደ። አዲሱ ሰውዬ ልብስ ማስተካከል አያዋጣም ብሎ አሰናበተኝ። የራሴን ትንሽ ሱቅ ልክፈት ብዬ ባንክ ብሄድ ቢዝነስ ፕላን አምጪ አሉኝ። እሺ ብዬ እሱን የሚያስተምሩበት ቦታ ፈልጌ ገባሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ ቀበሌ የማታ ክፍል ውስጥ ነው። እንግሊዝኛውን ደግሞ እዚህ አገር መጥቼ፣ ከሥራ ስወጣ ዓይኔ እየተከደነ ነው የተማርኩት። ማንም በእጄ አላስቀመጠልኝም። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች «በዚህ ዕድሜሽ?» ሲሉኝ መልስ ያልሰጠኋቸው ለዚህ ነው።

ዋናው ነገር ያለው ኢሜይሉ መጨረሻ ላይ ነው። ማክሰኞ ትምህርት ሲጀመር አምስት አምስት ሆነን ግሩፕ እንመሠርታለን። ዓመቱን ሙሉ አብረን እንሠራለን፤ ማርካችንም አንድ ነው። ከማን ጋር እንደምንሆን የምንመርጠው እኛው ነን። ተራራው ለመተዋወቂያ ነው። ግሩፕ ላጣ ሰው የኮሌጁ ቢሮ ቦታ ይፈልግለታል።

ቦታ ይፈልግለታል። እንደ ተረፈ ወንበር። ማንም ሳይመርጠኝ ከቀረሁ ቢሮው አይልፋ፣ ትምህርቱን እተወዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት።


ዓርብ፣ ነሐሴ 23

ድንኳን ውስጥ ነኝ። ገና ብርሃን ነው፣ እነሱ ውጭ ጊታር ይመታሉ።

አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ጆርዳን ይባላል። ሃያ ቢሆነው ነው። ጸጉሩን ጠቅልሎ አናቱ ላይ አስሮታል። ዳቦ ቆሎ ይዤ ነበርና አቀረብኩለት። «ኖ ታንክስ» አለ። ያፈረ መስሎኝ እንደገና ዘረጋሁለት። አሁንም አይሆንም አለ። «ትንሽ ቅመስ እንጂ፣ እኔው ነኝ የሠራሁት» ብዬ እጁ ላይ ላደርግለት ስል ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ከትቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ይህን ልጅ ማን እንዳሳደገው እንጃ።

እንደደረስን ክብ ሠርተን ቆምን። ስማችንን ተናግረን የሚመስለንን እንስሳ መጥራት ነበረብን። አንዱ ተኩላ ነኝ አለ። አንዷ ዶልፊን ነኝ አለች። እኔ «ጽጌ። ሰው» አልኩ። ሳቁ። የቀለድኩ መሰላቸው።

ከመሃላቸው አንዲት የሐበሻ ልጅ አለች፣ ሊያ የምትባል። እዚሁ ያደገች ናት፣ ቤታቸው ኤሪን ውድስ ሰፈር ነው። «እንዴት ነሽ እትዬ?» ብላ ሳመችኝ። እትዬም አለች፣ ነሽም አለች። አንዱን ስትይዝ አንዱ ያመልጣታል። ሆኖም ደስ አለኝ፣ ቢያንስ የሚስም ሰው አለ።

ከሰዓት በኋላ ከጣውላ የተሠራ፣ ፎቅ የሚያክል ግድግዳ ጋ ወሰዱን። የምትመራን ልጅ ኬሊ ትባላለች፤ ሁልጊዜ ፈገግ እንዳለች ነው፣ ዝናብ ሲመታትም። «ማን ይጀምራል?» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ጽጌ፣ መሞከር ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። «አይ፣ ግድ የለም፣ እነሱ ይውጡ» አልኩ። ከልጆቹ ቀድሜ እየዘለልኩ ልውጣ? እሷ ግን «ጎበዝ፣ ራስሽን ስላዳመጥሽ» ብላ አጨበጨበች። ልጆቹም አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ወደ ሌላው ሄደች። በቃ። ግንድ ላይ ተቀምጬ የሰው ጃኬት ታቅፌ ዋልኩ።

አሮጊት ናት ብለው ቀድመው ወስነዋል። የጠየቁኝ ለይምሰል ነው።

ዝናቡ ሲበረታ ኬሊ ትርፍ የዝናብ ልብስ አወጣች። «ልስጥሽ?» አለች። «አይ፣ አልበረደኝም» አልኩ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ። ለሌላ ልጅ ሰጠችው። እያየሁ።

እራት ሃምበርገር ነበር። ዛሬ ዓርብ ነው። ምግብ የሚያቀርበው ሰውዬ ጾም መሆኔን ሊያ ነግራው «ከባቄላ የተሠራም አለኝ፣ ላሙቅልሽ?» አለ። «አይ፣ ለእኔ ብለህ አትቸገር» አልኩት። አልተቸገረም። ዳቦውን በሰላጣ ቅጠል በላሁ።

ከዚያ መኝታ፤ ኬሊ መጣች። «ጀርባሽን እንዳያምሽ አልጋ ያለው ክፍል አለ፣ ትፈልጊያለሽ?» «አይ፣ የትም እተኛለሁ።» «እሺ፣ ደስ ይላል።»

ደስ ይላል። ይኸው መሬት ላይ ነኝ፣ ከሥሬ የዛፍ ሥር ጎኔን እየወጋኝ። እናታቸውን የምታክል ሴት መሬት ላይ ስትተኛ አንዳቸውም አላፈሩም።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

ወገቤ አልታጠፍ ብሏል። ጠዋት ሻይ ራሴ ሄጄ ቀዳሁ፣ ማንም ስላልጠየቀኝ። የዛሬው ድሌ ይኼ ነው።

ታንኳ። ኬሊ «ከፊት ሆነሽ ትቀዝፊያለሽ?» አለች። «ልጆቹ ይሻላሉ» አልኩ። መሃል ላይ አስቀመጡኝ፣ እንደ ከረጢት። ሐይቁ አረንጓዴ ነው፣ ያምራል፤ ግን በዚህ ንዴት ማን ያየዋል።

ከዚያ ያ ወደ ኋላ መውደቅ። አንዱ ሳጥን ላይ ይወጣል፣ ሌሎቹ ክንዳቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ኬሊ «ጽጌ?» አለች። ራሴን ግራና ቀኝ በትንሹ ነቀነቅኩ። አልጨረስኩትም እንኳ። «ቀጣይ» አለች።

እነሱ በዚህ መሃል ተዋደዋል። ማን ከማን ጋር ግሩፕ እንደሚሆን እያወሩ ነው። የሚወድቁት ሁሉ ሲነሱ ይተቃቀፋሉ። እኔ አልወደቅኩም፣ ማንም አላቀፈኝም።

ከምሳ በኋላ ሳህን ይዘን ስንሰለፍ ጆርዳን ከፊቴ ሆኖ ለጓደኛው ሲናገር ሰማሁት። «ከእኛ ጋር ምንም ነገር ማድረግ አትፈልግም» አለ። እኔን ነው። እንግሊዝኛ የማልሰማ መስሎት ነው።

ሊያ ሳህን ስታጥብ አገኘኋትና አጠገቧ ቆሜ ማጠብ ጀመርኩ። ሊያ ያለችውን ሳይበርድ ልጻፈው።

«እነዚህ ልጆች ለምንድነው የናቁኝ?» አልኳት።

«ማን ናቀሽ? ማን ናቀዎት፣ ሶሪ።»

«ግድግዳው ላይ አላስወጡኝም። አልጋ እያለ መሬት ላይ አስተኙኝ። ምግብ እንኳ ነፈጉኝ።»

ሳህኑን አስቀመጠች። «እትዬ ጽጌ፣ ኖ ብለሽ እኮ ነው። ላይክ፣ ለሁሉም ነገር። ጃኬቱን ኖ፣ አልጋውን ኖ፣ የጾሙን በርገር ኖ። እኔ ነኝ የነገርኩልሽ፣ ሰውዬው ደግሞ ሊያሞቅልሽ ነበር።»

«ታዲያ አንዴ ጠይቆ መተው ነው?»

«እና ስንቴ ይጠይቁሽ?»

«ሰው ሁለቴ ሦስቴ ይባላል።»

«አይ ኖው፣ አውቃለሁ። እናቴም እንዲህ ናት። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ አባቴ በሩን ዘግቶ ይለምናል፣ ሰውዬው ርቦት ኮቱን እየለበሰ በልቻለሁ ይላል። ኢትስ ኤ ሾው፣ ትያትር ነው። ግን እዚህ ኖ ካልሽ ኖ ነው። ደግመው ቢጠይቁሽ እነሱ ናቸው ባለጌ የሚባሉት፣ እንደ ማስገደድ ነው። ልጆቹ ሁሉ ጽጌ ትጠላናለች ነው የሚሉት።»

እኔ። የምጠላው እኔ ሆንኩ።

«አንቺስ ደንቡን ካወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ሃርሽ፣ ክፉ ንግግር መስሎኝ። ደግሞ፣ ላይክ፣ ምናልባት እውነትም አልፈለግሽም ይሆናል ብዬ።» ፊቷ ቀላ። እጇን በሱሪዋ ጠርጋ ሄደች።

እሺ፣ ገባኝ። መግባቱ ንዴቴን አልቀነሰውም። እነሱ እንደሚያስቡት ከሆነ አውቶቡሱ ላይ ባለጌዋ እኔ ነበርኩ፣ አልፈልግም ያለውን ልጅ እጁ ላይ ላደርግለት ስታገል። ግን ይህ ምን ዓይነት አኗኗር ነው? በእኛ ደንብ የመጀመሪያው ጥያቄ ሰላምታ ነው። የምር እንደፈለጉሽ የምታውቂው ሲደግሙት ነው። ሰውን አንዴ ጠይቆ የሚሄድ የፓርኪንግ ማሽን ብቻ ነው።


እሁድ፣ ነሐሴ 25

ከቁርስ በፊት። ቅዳሴ የለም፣ ጥድ ብቻ። ዘንድሮ ምን ያላጣሁት አለ።

ሊያ ያለችው ሲከነክነኝ አደረ። የከነከነኝ የእነዚህ ልጆች ነገር ብቻ አይደለም፣ የአክስቴም ነው።

እናቴ ስትሞት ከገጠር አምጥተው አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አስገቡኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በመስከረም አክስቴ ልጆቿን ልታስመዘግብ ስትወጣ በር ላይ ቆም አለችና «አንቺስ፣ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ?» አለችኝ። «አይ፣ ይቅርብኝ» አልኩ። እናቴ ሰው ቤት የሰጡሽን ወዲያው እንዳትቀበይ እያለች፣ ጭኔን እየቆነጠጠች ነው ያሳደገችኝ። እስክትደግመው ቆሜ ጠበቅኩ። አክስቴ «እሺ እንግዲያው፣ ሽንኩርቱን ላጪ» ብላ ወጣች። እስከ ሠላሳ ዓመቴ ሽንኩርት ላጥኩ።

እሷ ደንቡን ታውቃለች። ጎረቤት ለቡና ስትጠራት ሦስት ጊዜ ካልተለመነች የማትነሳ ሴት ናት። ለእኔ ያልደገመችው አውቃ ነው። ነፍሷን ይማር ማለት አለብኝ፣ ግን ዛሬ አልልም።

እነዚህ ግን አያውቁም። ኬሊ ስትሄድ የእውነት የሄደችው ስላመነችኝ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በአክስቴ ፊት ሳያት ከርሜያለሁ። ይህን ማወቄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ፤ አሁን በማን ልናደድ?

ደውል ተደወለ።

ከሰዓት በኋላ፣ ቤት። ሰፈሬ ፓይንሪጅ ደርሻለሁ፣ ገላዬን ታጥቤያለሁ።

የዛሬው ረጅም ምሰሶ ነበር፤ እንደ ስልክ እንጨት፣ የሚረገጥ ብረት ተሰክቶበታል። ኬሊ ሁሉንም በስም እየጠራች ጠየቀች። እኔን ዘለለችኝ። ከእንግዲህ ላለማስቸገር ነው፣ ገባኝ። ግን ቅዳሜ አዎ ማለት ያስፈራኝ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ መጠየቅ መጣብኝ። እጄን አወጣሁ። «እኔም» አልኩ። ያልተጠራሁበት ሰርግ የገባሁ ያህል ጆሮዬ ጋለ።

ወገብና ጭን የሚጠፍር ቀበቶ አሰሩብኝ። በሰው ፊት ቀሚስ በሱሪ ላይ ሰብስቤ ጭኔን ስታሰር። ይህን የፈለሰፈው ሰው እናት የለውም። ጆርዳን ከታች ገመዱን ያዘ።

ወጣሁ። ብዙ አይደለም። ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ እንዳልኩ ምሰሶውን በሁለት እጄ አቅፌ ቀረሁ። በአማርኛ ያልተሳደብኩት የለም፤ ሊያ ከታች አፏን ይዛ ትስቃለች። ሌሎቹ «ትችያለሽ፣ ትችያለሽ» ይላሉ። ጆርዳን ብቻ «መውረድ ትፈልጊያለሽ?» አለ።

«የስ» አልኩ። ወዲያው። በዚህ ሦስት ቀን ያልኩት የመጀመሪያው አዎ ይኼ ነው።

አጨበጨቡ። ለመውረድም ያጨበጭባሉ።

አውቶቡስ ላይ ሊያን በግሩፕ አስገቡኝ ማለት ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እሷ ቀድማ «ሶሪ እትዬ፣ እኛ አምስት ሞልተናል» አለች፣ ሳልጠይቃት። ጆርዳን ከኋላ ተኝቶ ነበር። ሌላ ማንም ምንም አላለኝም።


ሰኞ፣ ነሐሴ 26

እዚህ አገር የሠራተኞች ቀን ስለሆነ ሥራም ትምህርትም ዝግ ነው። ደረጃ የምወርደው ወደ ኋላ እየሄድኩ ነው። ጭኔ ላይ ቀበቶው የነበረበት ቦታ በልዟል፣ ለሐኪም እንኳ የሚያሳዩት ቦታ አይደለም።

ቤዛ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት። በምሰሶው ሳቀች፣ በአክስቴ አልሳቀችም።

«ነገ ግሩፕ ካላገኘሽስ?»

«እተወዋለኋ» አልኳት።

«ሹር ነሽ?»

«አዎ። በዚህ ዕድሜዬ ከሕፃን ጋር ምን ያጋፋኛል።»

«ኦኬ እማዬ» አለች። «ማንም አይፈርድብሽም። ክፍያሽን ሪፈንድ የሚያደርጉ ከሆነ አይልሻለሁ።» ተነስታ ሳህኑን ማንሳት ጀመረች።

አየኋት። በሆዴ ተሸክሜ የወለድኳት ልጅ። እምቢ፣ አትተዪም፣ ስንት የለፋሽበት ነው ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ኦኬ። እነሱን ሆናለች፣ ሙሉ በሙሉ።

«ቤዛ» አልኳት፣ «ትንሽ እንኳ አትለምኚኝም?»

«ምኑን?»

«እንዳልተወው።»

ሳህኑን ይዛ ቆመች። «መተው አትፈልጊም እንዴ?»

«አልፈልግም።»

«ታዲያ ለምን እተወዋለሁ ትያለሽ?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «እማዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የምትዪውን ስገለብጥ ነው የኖርኩት። አልራበኝም ስትይ ርቦሻል። አትምጪ ስትይ ካልመጣሁ ታለቅሻለሽ። ደክሞኛል። አንዳንዴ ያልሽውን ማመን እፈልጋለሁ።»

ሳህኑን ከእጇ ተቀበልኩ። ቆይታ አቀፈችኝ፣ ጀርባዬን አመመኝ፣ ያመመኝን ደግሞ ነገርኳት። በመኪናዋ ስትወጣ በመስኮት አየኋት። ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ መለየት ግን አልቻልኩም።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

የመጀመሪያው ቀን። ክፍሉ ሞቃት ነው፣ ወንበሩ ይሽከረከራል።

መምህሩ ሰላምታ ሰጥቶ «ግሩፓችሁን ሥሩ፣ ስማችሁን ሰሌዳው ላይ ጻፉ» አለ። ሁሉም ተነሳ። ወንበር ይጎተታል፣ ይጠራራሉ። ሊያ ከነአራት ጓደኞቿ ቀድማ ጻፈች። ከሩቅ እጇን አወዛወዘችልኝ፤ እኔም አወዛወዝኩ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ተነስቼ እየዞርኩ አስገቡኝ ልል ነበር ሐሳቤ፣ ጠዋት መስተዋት ፊት እንግሊዝኛውን ተለማምጃለሁ። እግሬ ግን አልተነሳም።

ጆርዳን መጣ። «እኛ አራት ነን» አለ። «አብረሽን መሆን ትፈልጊያለሽ?»

አፌ ከእኔ ቀደመ። «ኖ፣ ኖ፣ ኢትስ ኦኬ» አልኩ። ፈገግ ብዬ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ።

«ኦኬ፣ ኖ ዎሪስ» አለና ዞረ።

ሦስት እርምጃ ያህል ሄደ። አናቱ ላይ የታሰረውን ጸጉር እያየሁት ነው። ከጓደኞቹ አንዷ ሌላ ልጅ እየጠራች ነበር። ወይ አሁን፣ ወይ መቼም።

«ጆርዳን» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ትልቅ ሆኖ ወጣ፤ መምህሩም ዞረ። «እንደገና ጠይቀኝ።»

«ሶሪ?»

«እኛ አገር ሰው የሚጠየቀው ሁለቴ ነው። አንተ ግማሹን ነው የጠየቅከኝ።»

ቆሞ አየኝ። የቀለድኩ እንደሆነ ብሎ ፊቴን አጠና፤ እኔ አልቀለድኩም፣ ተቆጥቼ ነበር። ከዚያ ተመልሶ መጣና በትክክል ቅድም የቆመበት ቦታ ቆመ። «ጽጌ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ «አብረሽን መሆን ትፈልጊያለሽ?»

«የስ» አልኩ።

ስሜን ሰሌዳው ላይ ራሴ ጻፍኩት። ፊደሉ ትንሽ ወደ ታች ወረደ፣ ግን ይነበባል።

ጠረጴዛቸው ጋ ስቀመጥ አንዷ «የምትጠዪን መስሎን ነበር» አለችኝ። «ጠልቻችሁ ነበር» አልኳት። ሳቁ። ይህኛውን እንኳ የቀለድኩ መስሏቸው ከሆነ ይሁን። ጆርዳን ምሰሶው ላይ ስሳደብ የነበረው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። አልነገርኩትም። ደግሞ ጠየቀኝ። ትንሹን ነገርኩት።

ሐሙስ ከክፍል በኋላ ቤተ መጻሕፍት ልንገናኝ ነው። ለቤዛ ስልክ ደውዬ አልተውኩትም አልኳት፣ በአንድ ቃል፣ የሚገለበጥ ነገር ሳልጨምር። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት።

አዝነውልኝ ይሁን ፈልገውኝ አላውቅም። ምናልባት አምስተኛ ሰው ብቻ ነው የጎደላቸው። ግን ተመልሶ መጥቶ ጠይቆኛል። ለዛሬ ይበቃኛል።